ሞተው የማያርፉ ብረቶች

ክሊፍጃምፐር የሚሞተው ታሪኩ ገና ሳይጀመር ነው። «ትራንስፎርመርስ ፕራይም» የተባለው ተከታታይ የካርቱን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ይህ ቀንዳም ቀይ ሮቦት መኪና ሆኖ ጭር ባለ የበረሃ መንገድ ላይ ይከንፋል፤ ከባልደረባው ከአርሲ ጋርም በሬዲዮ ይቀላለዳል። ድምፁን የሰጠው ዝነኛው ተዋናይ ድዌይን ጆንሰን በመሆኑ ተመልካቹ ዋናው ጀግና እሱ ቢመስለው አይፈረድበትም። ብዙም ሳይቆይ ግን ዲሴፕቲኮን የሚባሉት ጠላቶቹ ይከቡታል። ታግሏቸው ታግሏቸው ይማረካል። ስታርስክሪም የተባለው የጠላት አዛዥም ሹል ጣቶቹን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይገድለዋል።

የሚያስፈራው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሦስት ዓመት በሕዋ ተሰውሮ የቆየው የዲሴፕቲኮኖቹ አለቃ ሜጋትሮን ሐምራዊ ብርሃን የሚተፋ ስባሪ ድንጋይ ይዞ ይመለሳል። ድንጋዩን በሬሳው ደረት ላይ ይተክለዋል። የክሊፍጃምፐር ዓይኖች ሐምራዊ ሆነው ይበራሉ፤ ይነሳል፤ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ያገኘው ላይ ይዘምታል። ሜጋትሮን በሰይፉ ለሁለት ሲከፍለው እንኳ ላይኛው ግማሽ በእጁ መሬቱን እየቧጠጠ መጎተቱን አያቆምም። በኋላ አርሲ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የምታገኘው ይህንኑ ግማሽ አካል ነው።

እነዚህ ፍጡራን ቴረርኮን ይባላሉ። በትራንስፎርመርስ ዓለም ሮቦቶች ሕይወት ያላቸው ሲሆኑ ደማቸው ኤነርጎን የሚባል ሰማያዊ ኃይል ነው። ሜጋትሮን ያመጣው ድንጋይ ደግሞ ጥቁር ኤነርጎን ይባላል፤ ዩኒክሮን የተባለው የጥፋት አምላክ ደም ነው ተብሎ ይተረካል። ሬሳ ውስጥ ሲገባ አካሉን ያስነሳል፣ ነፍስና ሐሳብ ግን አይመልስም። የተነሳው ብረት ስሙን አያውቅም፣ አይናገርም፣ አይፈራም። የሚታየው ኤነርጎን ያለው አካል ብቻ ነው፤ ያንን ይቀዳድዳል። ሜጋትሮን በአንድ ወቅት በምድር ላይ የተረሳ የሮቦቶች የጦር ሜዳ ላይ ይህንኑ ደም በትኖ የሙታን ሠራዊት ከመሬት ሲያስነሳ፣ አውቶቦት የሚባሉት የክሊፍጃምፐር ወገኖች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይምና ሐኪማቸው ራቼት ሁለቱ ብቻቸውን ይገጥሙታል።

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አስፋልት ላይ በምትገኘው በሜጋ ከተማም ሆነ በነጌሌ ቦረና፣ የእነዚህ ሮቦቶች ዘመዶች እንግዳ አይደሉም። ዲሽ በተተከለበት ቤት የአረብኛ የልጆች ቻናል ሲከፈት ሕፃናቱ ቋንቋውን ባይሰሙም ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ ከዓይን ቀለም ይለያሉ። በየሱቁ መደርደሪያ ላይም በቀጭን ፌስታል የታሸጉ የቻይና ፕላስቲክ ሮቦቶች ይሰቀላሉ፤ እግራቸው ሲታጠፍ ጎማ፣ ደረታቸው ሲገለበጥ የመኪና ኮፈን ይሆናል። ብዙዎቹ ትክክለኛ የኩባንያ ምርት አይደሉም። አንዱ የኦፕቲመስን ራስ ይዞ የሌላውን ቀለም ይለብሳል፤ በየትኛውም ፊልም ላይ ያልታየ ቢጫና አረንጓዴ ጀግናም አይጠፋም።

እነዚህ መጫወቻዎች የተወለዱበት መንገድ ራሱ ስለ ሙታን ሮቦቶች ብዙ ይናገራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታካራ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች «ዳያክሎን» በሚል ስም መኪናና አውሮፕላን የሚሆኑ ሮቦቶችን ይሸጥ ነበር። እነዚያ ሮቦቶች ሕይወት አልነበራቸውም። በውስጣቸው የሚቀመጥ፣ እግሩ ላይ ማግኔት ያለው ትንሽ ሰው ነበር የሚነዳቸው። ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሞልዶቹን፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስባቸውን የብረት ቅርፅ ማውጫዎች፣ መብት ወስዶ በ1984 ለገበያ ሲያወጣቸው ነጂዎቹን አስቀራቸው። በምትካቸው ታሪክ ሰጣቸው። የማርቭል የኮሚክ መጽሔት ሰዎች ተጠርተው፣ ሳይበርትሮን ከተባለች ፕላኔት የመጡ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሕያዋን ፍጡራን ናቸው ተባለ። ቦብ ቡዲያንስኪ የተባለ አዘጋጅ ለብዙዎቹ ስም አወጣ፣ ጠባያቸውንም ጻፈ። ሲሸጥ የቆየ አንድ የጃፓን ከባድ መኪና በዚህ መንገድ ኦፕቲመስ ፕራይም ሆነ፤ ከሌላ የጃፓን መስመር የመጣ ሽጉጥ ሜጋትሮን ሆነ።

ሕይወት የገባባቸው በወረቀት ነው ማለት ነው። ሕይወታቸው የሚወሰደውም እንዲሁ በወረቀት ነበር።

የመጀመሪያው የትራንስፎርመርስ ካርቱን በመስከረም 1984 ሲጀመር የአሜሪካ መንግሥት በልጆች ቴሌቪዥን ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ገደብ ያላላበት ዘመን ነበር። ቀደም ሲል ካርቱን መጫወቻ ይወልድ ነበር፤ አሁን መጫወቻው ካርቱን መውለድ ጀመረ። የእያንዳንዱ ወቅት ዋና ጥያቄም በዚህ ዓመት ለገበያ የሚቀርበው የትኛው ነው የሚል ሆነ። በ1986 በአሜሪካ የበጋ ወራት ለሲኒማ የቀረበው «ትራንስፎርመርስ፦ ፊልሙ» ይህን ጥያቄ ያለ ርኅራኄ መለሰው። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል የድሮዎቹ ጀግኖች አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ ምክንያቱም መደርደሪያው ለአዲሶቹ መለቀቅ ነበረበት። ኦፕቲመስ ፕራይም ራሱ ከሜጋትሮን ጋር ተዋግቶ በደረሰበት ቁስል በጓደኞቹ መካከል ይሞታል፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለሙ ቀስ በቀስ ግራጫ ይሆናል።

ሲኒማ ቤት የነበሩ ሕፃናት አለቀሱ። ወላጆች ተቆጡ። ሃዝብሮ ያልጠበቀው ነገር ልጆቹ ሮቦቱን እንደ ሸቀጥ ሳይሆን እንደ አባት ያዩት መሆኑን ነበር። ቁጣው እጅግ ከመበርታቱ የተነሳ ኩባንያው በሌላው ታዋቂ ምርቱ፣ በጂ.አይ. ጆ ፊልም ውስጥ ሊሞት የነበረውን ዱክ የተባለ ወታደር ከሞት አድኖ «ራሱን ስቷል» ብሎ አለፈው።

ካርቱኑ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሲቀጥል የሞቱት ማረፍ አቃታቸው። በፊልሙ የተገደለው ስታርስክሪም በመንፈስ መልክ ተመልሶ የሌሎችን አካል እየተዋሰ ይዞር ጀመር። ይበልጥ የሚያስደነግጠው የኦፕቲመስ አመጣጥ ነበር። በጥቅምት 1986 በታየው «ጨለማው መንቃት» ሊባል በሚችል አንድ ክፍል ውስጥ፣ አውቶቦቶቹ የሞተውን መሪያቸውን በመቃብር መርከቡ ውስጥ ቆሞ ያገኙታል። ደስታቸው ብዙም አይቆይም። ኩዊንቴሶን የሚባሉት ጠላቶች ሬሳውን ጠጋግነው ያስነሱት ወገኖቹን ወደ ወጥመድ እንዲመራ ነው። ፊቱ ተሰንጥቆ፣ ሽቦው ተንዘርፍፎ፣ በገዛ ጓዶቹ ላይ ይተኩሳል። መጨረሻ ላይ የድሮ ማንነቱ ብልጭ ብሎለት መርከቡን እየነዳ ራሱን ያጠፋል። ይህ ክፍል ከወራት በኋላ በድጋሚ ሲታይ የተራኪው ድምፅ ማብቂያው ላይ ተጨማሪ መልእክት ይዞ መጣ፤ የኦፕቲመስን ትክክለኛ መመለስ የሚያበስር ነበር። በየካቲት 1987 በእርግጥም በሁለት ክፍል ታሪክ ከሞት ተነሳ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው እየሞተ ሲነሳ ይኖራል።

ቴረርኮን የሚለው ስም የወጣው በእነዚያው ዓመታት ቢሆንም ያኔ ከሞት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1987 ለገበያ የቀረቡት ቴረርኮኖች አምስት አውሬዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ሃን-ግር ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ ነበር፤ አምስቱ ሲገጣጠሙ አቦሚነስ የተባለ አንድ ግዙፍ ጭራቅ ይሠራሉ። ስሙ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ«ፕራይም» ለተነሱት ሬሳዎች ተሰጠ። በ2023 በወጣው «የአራዊት መነሳት» በተባለው የሲኒማ ፊልም ደግሞ ስከርጅ የሚመራቸው የዩኒክሮን ቅልብ ወታደሮች ይጠሩበታል። ኩባንያው አንዴ ያስመዘገበውን ስም ተኝቶ እንዲቀር አይፈልግም።

ሞልዱም እንዲሁ ነው። አንድ የሚለዋወጥ ሮቦት በርካታ ማጠፊያ፣ ኳስና ጉድጓድ መገጣጠሚያ፣ ብሎንና ስፒል አለው፤ ክንዱ በበሩ ሥር ተንሸራትቶ ሲገባ ከጣሪያው ጋር መጋጨት የለበትም፤ ስለዚህ ንድፉ ረጅም ሥራ ይጠይቃል፣ የብረት ሞልዱም ውድ ነው። ወጪው እንዲመለስ ያው ሞልድ ደጋግሞ መሥራት አለበት። ሃዝብሮ የክሊፍጃምፐርን ቀይ መጫወቻ ከሸጠ በኋላ በሌላ ቀለም አቅልሞ «ቴረርኮን ክሊፍጃምፐር» ብሎ ዳግም ለገበያ አቀረበው። አካሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቀለሙና ስሙ ነው። በ«ፕራይም» ሜጋትሮን ሬሳው ላይ ያደረገውን ፋብሪካው በሞልዱ ላይ አደረገ፤ አንዴ የሠራ አካል ተነስቶ እንደገና እንዲያገለግል አዘዘው። በሜጋና በሞያሌ ሱቆች የሚሰቀለው ስም የለሽ ቢጫና አረንጓዴ ሮቦትም የዚሁ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው፤ የሰው ንድፍ ተገልብጦ፣ ባለቤት በሌለው ቀለም ተቀብቶ የተነሳ።

የሞተ ሰው ተነስቶ ለሌላው እንዲያገለግል መደረጉ በሰፊው ዓለም የሚታወቀው ከሄይቲ ነው። የዞምቢ ወሬ የተስፋፋው በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ እስኪሞቱ በሠሩ ባሪያዎች ዘር መካከል ሲሆን፣ የሚያስፈራቸው ዞምቢው እንዳይበላቸው ሳይሆን እነሱ ራሳቸው ከሞት በኋላ ዞምቢ ሆነው ባርነታቸው እንዳይቀጥል ነበር። ሰው የሚበላው ዞምቢ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በዋናነትም ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 በሠራው ፊልም።

የአማርኛ አንባቢ ግን ሄይቲ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ መንዝ አማሮች የቡዳ እምነት ያሳተመው ጥናት አለ። በእምነቱ መሠረት ቡዳ በዓይኑ የበላው ሰው ሞቶ ሲቀበር ሌሊት ወደ መቃብሩ ይሄዳል፤ ሬሳውን አውጥቶ ያስነሳዋል፤ ቤቱ ወስዶም እንደ ባሪያ ያሠራዋል። የተነሳው ሰው አይናገርም፣ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጌታው በበትር ነክቶ የቤት ዕቃ ያደርገዋል ይባላል፤ እንግዳው ሲወጣ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ቡዳው ራሱም ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል።

የዚህ እምነት ተጠርጣሪ ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ቀጥቃጩ ነበር። እሳትና ብረት የሚገዛ፣ ከድንጋይ ማረሻ የሚያወጣ ሰው የሞተውንም ማስነሳት አያቅተውም ተብሎ ተጠረጠረ። ማረሻውን የሚፈልገው ገበሬ ልጁን አይድርለትም፤ አብሮት አይበላም፤ ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ የሚነሳው የእሱ ስም ነው። በሸክላ ሠሪው፣ በፋቂውና በቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ላይም የወረደው ይኸው ነበር። በቦረና ምድር ቱምቱ የሚባሉት የብረት ሠሪዎች ለአርብቶ አደሩ ጦር፣ ቢላዋና ጌጥ እየሠሩ ኖረዋል፤ እነሱም ከሌላው ጋር አይጋቡም ነበር፤ ተርታቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ጠይብ እያሉ መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ይህ ንቀት አገሪቱን ከእጅ ሥራ እንዳራቃት ገብቷቸው ነው። አዋጁ ወጣ፤ ጥርጣሬው ግን በየመንደሩ ከእሳቸው በኋላም ለረጅም ጊዜ ኖረ።

የካርቱኑና የቡዳው ታሪኮች በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ውስጥ የተነሳ ሬሳ አለ፤ በሁለቱም ውስጥ አንዱ አካል ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ በሁለቱም ውስጥ ጌታው በሞተው ሰው ጉልበት ይጠቀማል። የሚለያዩት ጥፋቱን የሚጭኑበት ሰው ላይ ነው። ካርቱኑ ጌታውን ኃያልና ባለሠራዊት ያደርገዋል፤ ሜጋትሮን ደካማ አይደለም። የቡዳ ታሪክ ደግሞ ከመንደሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚኖረውን፣ መሬት የሌለውን ብረት ሠሪ ሬሳ የሚያሠራ ጌታ አድርጎ ይስለዋል።

የኢትዮጵያ የጥበብ ሰዎች ከመጫወቻና ከሳይንስ ልብወለድ ጋር ያላቸው ትውውቅ አጭር ቢሆንም ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ ተዘጋጅቶ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ቀጭኔዋ ፀሐይ ለኢትዮጵያ ሕፃናት በራሳቸው ቋንቋ የምትናገር አሻንጉሊት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው «ክረምስ» የተሰኘው ፊልም፣ በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተመርቶ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት፣ ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ኑሮ በዳሎልና በሌሎች የኢትዮጵያ መልክዓ ምድሮች ላይ ያሳያል። በዚያ ዓለም የተረፉት ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እንደ ንዋየ ቅድሳት ይቆጥራሉ፤ ማን እንደሠራቸውና ለምን እንደነበሩ የሚያስታውስ የለም። ትራንስፎርመርስ መጫወቻውን ሕያው ሲያደርገው «ክረምስ» ደግሞ ያከብረዋል፤ አምራቹ ከጠፋ በኋላ ዕቃው ብቻውን ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በሰረት ደበበ የተባለ ደራሲ ኢታን ኮሚክስ በሚል ስም «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን የተባለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ኃይል የሚያገኘውም ከዚህ ተራ ኑሮ መሐል ነው። ቀጥሎ የመጣችው ጀግና ሐዊ ደግሞ በውጭ አገር ያደገች፣ ወደ ሥረ መሠረቷ የምትመለስ ወጣት ናት። ሥራዎቹ ያሳዩት ነገር ቢኖር አገርኛ ስምና አገርኛ ቦታ ያለው የምናብ ጀግና አንባቢ እንደማያጣ ነው።

መጫወቻ መሥራትም ለቆላው ልጅ አዲስ አይደለም። በሜጋም ሆነ በያቤሎ የሚያድግ ልጅ ከተጣለ የዘይት ጄሪካን የመኪና አካል ቆርጦ ያወጣል፤ ጎማውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቀርፃል፤ አክስሉን ከሽቦ ያጣምማል፤ ረጅም ዱላ አስሮ እየመራ ይሮጣል። ያው ልጅ ከሱቅ የተገዛው ሮቦት እግሩ ሲሰበርበት አይጥለውም። መርፌ በእሳት አግሎ ፕላስቲኩን ይበሳል፣ በቀጭን ሽቦ ያስረዋል፤ ከሌላ የተሰበረ መኪና የወሰደውን ጎማም በጉልበቱ ቦታ ይገጥምለታል። የሠራው ሮቦት በየትኛውም ፋብሪካ የለም፤ ስሙንም የሚያወጣለት እሱ ነው።

አንድ የአገር ውስጥ አኒሜተር ወይም የኮሚክ ሠዓሊ የሞቱ ብረቶችን ታሪክ በዚህ ምድር ላይ ልሥራ ቢል ጥሬ ዕቃው ሞልቶ ተርፎታል፦ መቃብር የሚቆፍር ጅብ፣ በበትር ሲነካ ዕቃ የሚሆን ባሪያ፣ ሌሊት የሚቃጠል የቀጥቃጭ ከሰል። ችግሩ የሚመጣው ክፉውን ሲመርጥ ነው። የድሮውን ተረት እንዳለ ቢወስደው የምኒልክ አዋጅ ሊያስቆመው የሞከረውን ስድብ ለአዲስ ትውልድ በቀለም ያስተምራል፤ የቱምቱ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ካርቱን ስም ይጠራል። ቢገለብጠው ግን ብረት ሠሪው ሌላ ሚና ያገኛል፤ ሬሳውን የሚያስነሳው ሌላ ሰው ይሆንና፣ የተነሳውን ብረት ፈትቶ፣ ጥቁሩን ደም አውጥቶ፣ ስሙን መልሶለት የሚቀብረው እሱ ይሆናል። በ«ፕራይም» ውስጥ ለክሊፍጃምፐር ይህን ያደረገለት ሰው አልነበረም።